ጋን ቁልፉ ካልተከፈተ

«እማ፣ መጻሕፍቱ ምን አጥፍተው ነው የታሰሩት?»

ወለላ ይህን የጠየቀችው አፍንጫዋን ከሽቦው በር ላይ ለጥፋ ነው። እናቷ ታንጉት መጥረጊያዋን እንደያዘች ቀጥ አለች። «ተጠብቀው ነው እንጂ አልታሰሩም» ልትል አፏን ከፈተችና ሕፃን መዋሸት ከበዳት፤ መልሳ ዘጋችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጆሮ ያለው ይጠጋ፤ ሥራ ያለበትም ሥራውን ይዞ ይስማ።

በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ከገበያው ጀርባ፣ አንዲት ቤተ መጻሕፍት ነበረች። ታንጉት የቤተ መጻሕፍቷ አስተናጋጅ ናት። አስተናጋጅ ትባል እንጂ የምታስተናግደው አቧራውን ነው። ጠዋት በሩን ትከፍታለች፤ ወለሉን ትጠርጋለች፤ የሽቦ በር ያለውን የተቆለፈ ቁም ሣጥን ትወለውላለች፤ ማታ በሩን ትዘጋለች። የድሮው ንብረት ያዥ ጡረታ ከወጣ ወዲህ መጻሕፍቱ ከሽቦው በስተጀርባ ጀርባቸውን ሰጥተው ተደርድረዋል። ይታያሉ፣ አይነኩም። በላያቸው የሕፃን ቡጢ የሚያህል ጋን ቁልፍ ተንጠልጥሎባቸዋል።

ወለላ ደግሞ መጽሐፍ ያስፈልጋታል። ሁለተኛ ክፍልን አንዴ ደግማለች። ያለቻት የትምህርት ቤት መጽሐፍ አንዲት ናት፤ እሷንም ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ይዛታለች። ገልብጣችሁ ብትሰጧት እንኳ ሳትደናቀፍ ትወርድላችኋለች። አስተማሪዋ ግን ነቃችባት።

«ወይዘሮ ታንጉት፣ ልጅዎ አታነብም፤ ትዘምራለች» አለቻት ትምህርት ሲዘጋ። «መስከረም ላይ በማታውቀው መጽሐፍ አስነብባታለሁ። ካልቻለች ዳግመኛ እዚያው ናት።»

ወለላ የማታውቀው መጽሐፍ ያለው ከሽቦው ወዲያ ነው። ስለዚህ ታንጉት ነጠላዋን አጣፍታ ማዘጋጃ ቤት ሄደች፤ ወደ አዲሱ ንብረት ያዥ፣ ወደ አቶ ይስማው።

«አቶ ይስማው፣ እባክዎ ጋን ቁልፉን ይክፈቱልኝ። ልጆች ያንብቡ።»

«ሳልረከብ?» አለ አቶ ይስማው፣ ፍም የነካ ይመስል እጁን ሰብስቦ። «ሰውዬው ሳያስቆጥር ጥሎት ሄደ። አንዲት ብትጎድል በማን ስም ነው? በእኔ! መጀመሪያ ይቆጠር።»

«ታዲያ መቼ ሊነበብ ነው?»

«መጽሐፍ እኮ ንብረት ነው፣ ወይዘሮ ታንጉት። ንብረት ይጠበቃል እንጂ ይነበባል?»

ጋን ቁልፉ አይከፈትም፣ መጻሕፍቱ ካልተቆጠሩ።

ታንጉት እጅ ነስታ ወጣች። ወደ ቆጣሪዎቹ ሄደች። ቆጣሪዎቹ በኮሚቴ የተመረጡ ናቸው፤ ከተመረጡ ወዲህ ግን የቆጠሩት ነገር የለም።

«እንግዲህ እናንተ ብትቆጥሩልኝ አቶ ይስማው ይከፍታል» አለቻቸው።

«ቆመን?» አሉ ሰብሳቢዋ ጉልበታቸውን እያሹ። «ቆሞ የሚቆጠር ከብት ነው፣ የኔ እመቤት። መጽሐፍ ተቀምጦ ነው። ወንበር አለ?»

ወንበር የለም። የቤተ መጻሕፍቷ ወንበሮች ለስብሰባ ተብለው ወደ ከተማው አዳራሽ ሄዱ፤ ስብሰባው አለቀ፤ ወንበሮቹ እዚያው ቀሩ።

«እናንተ አታስመልሱትም?»

«እኛ የተመረጥነው ለመቁጠር ነው። ለመሸከም የተመረጠ ካለ ጠይቂ።»

ጋን ቁልፉ አይከፈትም፣ መጻሕፍቱ ካልተቆጠሩ፤ መጻሕፍቱ አይቆጠሩም፣ ወንበሩ ካልመጣ።

ወደ አዳራሹ ሄደች። የአዳራሹ ዘበኛ ጋሽ ቢረሳው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ጥርሳቸውን ይፍቃሉ።

«ወንበሩማ አለ!» አሉና በሩን ገርበብ አደረጉላት። ታንጉት አየች። ከወለል እስከ ጣሪያ የማዳበሪያ ጆንያ። ከሥሩ አንዲት የወንበር እግር እንደ ተሰበረ ክንድ ወጥታለች።

«ጋሼ፣ ይኼ ለገበሬው አልነበረም እንዴ? ዘር እኮ አለፈ።»

«ገበሬውም እንዳንቺ እየመጣ አይቶት ይሄዳል» አሉ ጋሽ ቢረሳው። «እኔ አንድ ጆንያ ባነሳ የሚነሳው ወገቤ ነው። መኪና ይምጣና ያንሳው።»

ጋን ቁልፉ አይከፈትም፣ መጻሕፍቱ ካልተቆጠሩ፤ መጻሕፍቱ አይቆጠሩም፣ ወንበሩ ካልመጣ፤ ወንበሩ አይመጣም፣ ጆንያው ካልተነሳ፤ ጆንያው አይነሳም፣ መኪናው ካልቀረበ።

ወደ ሾፌሩ ሄደች። ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ እግሩን በመስኮት አውጥቶ ሬዲዮ ይሰማል።

«ወንድሜ፣ ጆንያውን ብታነሳልኝ ወንበሩ ይወጣል።»

«እምቢ አልኩ እንዴ? እኔ እኮ ሞተሬን አሙቄ ነው የከረምኩት!» አለ ሾፌሩ። «የአዳራሹን ደጅ ለውሃ መስመር ብለው በቦይ ሰነጠቁት። ቱቦው ተቀበረ፣ አፈሩ አልተመለሰም። ጎማዬ ከገባ ማን ሊያወጣኝ ነው? አንቺ?»

«ሣንቃ ብናነጥፍበትስ?»

«ሣንቃውን ተሸክመሽ ስትመጪ ጥሩምባ እነፋልሻለሁ።»

ታንጉት ፌዙን ዋጠችው። መንገድ ላይ ግን ከንፈሯ ብቻውን ይንቀሳቀስ ጀመር፤ ያያት ሁሉ ጸሎት መሰለው። ጸሎት አልነበረም። ጋን ቁልፉ አይከፈትም፣ ካልተቆጠረ፤ አይቆጠርም፣ ወንበሩ ካልመጣ፤ አይመጣም፣ ጆንያው ካልተነሳ፤ አይነሳም፣ መኪናው ካልቀረበ፤ አይቀርብም፣ ቦዩ ካልተደፈነ።

ወደ ቦዩ ሄደች። ቆፋሪዎቹ ከአፈሩ ክምር አጠገብ ላስቲክ ወጥረው ተቀምጠዋል። አካፋዎቹ እንደ ባለቤቶቻቸው ጋደም ብለዋል። አዛዣቸው ጥጋቡ ይባላል።

«ጥጋቡ፣ በሞቴ ይህን አፈር መልሱልኝ።»

ጥጋቡ ቆቡን አነሳ። «ወይዘሮ ታንጉት! ዛሬ ሥላሴ አይደለም እንዴ? በሥላሴ አፈር ልንካልሽ?»

ታንጉት አፈረች። አማተበችና ተመለሰች። በማግስቱ ዝናብ ያዘ፤ ቦዩ ሞላ። ዝናቡ ሲያባራ መጣች።

«ዛሬማ ሚካኤል ነው» አለ ጥጋቡ።

ደግሞ ዘነበ። ደግሞ አባራ። ደግሞ መጣች።

«ኪዳነ ምሕረት ናት እኮ! አንቺ የምታውቂ ሴት!»

በዓል ባልሆነ ቀን ዝናብ፣ ዝናብ ባልሆነ ቀን በዓል። ታንጉት በሰው ላይ ትናገር ይሆናል፤ በበዓል ላይ ግን ምን አፍ አላት? እሷ ራሷ በማርያም ቀን እንኳን አፈር ልትቆፍር፣ ልብስ አጥባ አታውቅም።

ያን ቀን ቤቷ ስትገባ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ዘርግታ ለወለላ ሰጠቻት። «በይ አንብቢልኝ።»

ወለላ ጋዜጣውን አየች። እናቷን አየች። ከዚያ ዓይኗን ጋዜጣው ላይ ተክላ፣ ጣቷን እያንሸራተተች፣ የትምህርት ቤቱን መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አንበለበለችው። አንዲት ቃል አልሳተችም። ስትጨርስ «ጎበዝ ነኝ?» አለች። ታንጉት ጋዜጣውን አጣጥፋ ምጣዱ ሥር ከተተችውና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ገብርኤል ደረሰ። ቅዳሴው ሲያልቅ ታንጉት መምሬ ፈንታን ደጀ ሰላሙ ላይ ጠበቀቻቸው። መስቀላቸውን ተሳለመችና ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ አወረደችላቸው።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ መምሬ ፈንታ። «ጆንያው ላይ ጠፋሽብኝ። እንደገና።»

«ጋን ቁልፉ አይከፈትም፣ መጻሕፍቱ ካልተቆጠሩ፣ አባ። መጻሕፍቱ አይቆጠሩም፣ ወንበሩ ካልመጣ። ወንበሩ አይመጣም፣ ጆንያው ካልተነሳ። ጆንያው አይነሳም፣ መኪናው ካልቀረበ። መኪናው አይቀርብም፣ ቦዩ ካልተደፈነ። ቦዩ አይደፈንም፣ በዓሉ ካላለፈ። በዓሉ ደግሞ አያልፍም፣ አባ፤ ሌላ ይተካል።»

«ስለዚህ ጥፋቱ ዞሮ ዞሮ የገብርኤል ሆነ በይኛ!»

«እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እኔ እንደዚያ አላልኩም።»

«አንቺ አላልሽም። እነሱ ናቸው ያሉት።» ጃንጥላቸውን አነሱ። «ምሪኝ።»

ጥጋቡና ጓደኞቹ ላስቲካቸው ሥር ጠላ ይዘው ነበር። መምሬን ሲያዩ ጣሳው ከጀርባ ገባ።

«ጥጋቡ፣ ጣሳ ማንሳት በበዓል ተፈቅዶ አካፋ ማንሳት ነው የተከለከለው?»

«አባ፣ አፈር እኮ ነው...»

«ትናንት የእማሆይ አህያ እዚህ ገብታ እየጮኸች አደረች። ነገ ሰው ይገባል። መቆፈር ሥራ ነው፣ እሺ። ሰው የሚወድቅበትን መድፈን ግን ትሩፋት ነው። ትሩፋት ኃጢአት ካለበት በኔ ይሁን።» ይህን ብለው ጃንጥላውን ለታንጉት አቀበሉ፤ የቀሚሳቸውን ጫፍ ሸጎጡና አካፋ አነሱ።

«ኧረ አባ! በገብርኤል ይተዉት!» ብሎ ጥጋቡ ዘሎ ተነሳ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ካህን አካፋ ይዞ ማን ይቀመጣል? ቦዩ ተደፈነ። ቦዩ ቢደፈን መኪናው ቀረበ፤ ሾፌሩ ሰበብ አልቆበታል። መኪናው ቢቀርብ ጆንያው ተነሳ። ጆንያው ቢነሳ ወንበሩ ወጣ። በማግስቱ ወንበሩ ቢመጣ ቆጣሪዎቹ ተቀመጡ። ተቀምጠውም፣ ከሽቦው ወዲህ ሆነው፣ ሰብሳቢዋ በከዘራቸው ጫፍ የመጻሕፍቱን ጀርባ እየጠቆሙ ቆጠሩ። አንዱንም ከቦታው አላወጡም። «ሙሉ ነው!» አሉ ሰብሳቢዋ፤ ምሳ ሳይደርስ ተነሥተው ሄዱ። መጻሕፍቱ ቢቆጠሩ አቶ ይስማው ጋን ቁልፉን ከፈተ።

ታንጉት እጇን ሰደደች። ጀርባዋ ቀይ የሆነች አንዲት ቀጭን መጽሐፍ መርጣ ሳበች። መጽሐፏ እንደ ገለባ ቀለለችባት። ከሆዷ ውስጥ አፈር ዝርግፍ አለ። ከአፈሩ ውስጥ ነጫጭ ምስጦች ብርሃን እየሸሹ ተሯሯጡ።

ሁለተኛዋን ሳበች፤ አፈር። ሦስተኛዋም አፈር። ምስጡ በግድግዳው በኩል፣ ከበስተኋላ ገብቶ፣ ጀርባቸውን ብቻ ትቶላቸዋል። እሷ ከፊት ለፊት ስትወለውል እሱ ከኋላ ይበላ ነበር ማለት ነው። ክረምቱን ሙሉ ሁሉም «ካልተቆጠረ» ሲል፣ «ወንበር ካልመጣ» ሲል፣ «በዓል ካላለፈ» ሲል፣ ሳይቀመጥም በዓል ሳያከብርም የሠራ ምስጡ ብቻ ነው።

«አቶ ይስማው፣ ይህ እኮ ሆዱ ባዶ ነው» አለች።

አቶ ይስማው ቆጣሪዎቹ ርቀው እንደሆነ በበሩ ብቅ ብሎ አየ። ርቀዋል።

«ሙሉ ነው ተብሏል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ይዩት እንጂ!»

«ጀርባው አለ አይደል? የተቆጠረው ጀርባው ነው።» ጋን ቁልፉን ከነመክፈቻው መዳፏ ውስጥ አስጨበጣት። «እንኪ። ስትለምኚ የከረምሽው አንቺ አይደለሽ? ከዛሬ ጀምሮ በስምሽ ይሁን። ፈርሚና እንደወደድሽ አድርጊው።»

ክረምቱን ሁሉ የጸናው ሰውዬ እንዲህ ባንዴ ቸር ሆነ። ታንጉት ለምን እንደሆነ ገብቷታል። ብትፈርም የምስጡ ምግብ ሁሉ በእሷ ስም ሊሆን ነው። እምቢ ብትል ደግሞ ጋን ቁልፉ ይቆለፋል፤ እንደገና ይቆጠር ይባላል፤ ሊቆጠር ወንበር ይምጣ ይባላል፤ ወንበሩ እስኪመጣ አንድ ሌላ ጆንያ፣ ከጆንያው በላይ አንድ ሌላ መኪና፣ ከመኪናው ፊት አንድ ሌላ ቦይ አይጠፋም። መስከረም ግን ማንንም አይጠብቅም።

«በስሜ ይሁን» አለች። ፈረመች።

አቶ ይስማው «እግዜር ይስጥሽ» ብሎ ወጣ። በሩ ጋ ሲደርስ ርምጃው ሩጫ ሆነ።

በማግስቱ ማርያም ነበረች። ታንጉት በጠዋት ከወለላ ጋር ቤተ ክርስቲያን ደርሳ በሩን ተሳለመች። «እመቤቴ፣ ታውቂዋለሽ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ከዚያ ቤተ መጻሕፍቷን ከፈተች፤ ቁም ሣጥኑን ባዶ አደረገች፤ መጻሕፍቱን በዕቅፍ በዕቅፍ እያወጣች ደጃፉ ላይ፣ ከደመና ሾልካ በወጣች ፀሐይ ላይ ዘረጋቻቸው። አንድ በአንድ ከደረጃው ጠርዝ ጋር እየመታች አፈራቸውን አራገፈች። የሞቱትን ለብቻ፣ የቆሰሉትን ለብቻ ከመረች። የሞቱት ክምር ከወገቧ በለጠ።

ጥጋቡ ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ ሲያልፍ ቆመ። «ወይዘሮ ታንጉት! በማርያም ቀን?»

«በማርያም ቀን» አለች ቀና ሳትል። «ና፣ ያንን ጥግ አራግፍልኝ።»

ጥጋቡ ግራ ቀኝ አየና ቁጢጥ አለ።

ረፋዱ ላይ፣ ከቆሰሉት መሃል፣ ዳሯ ብቻ የተበላ የጅብና የአህያ ሥዕል ያለባት መጽሐፍ ወጣች። ታንጉት በቀሚሷ ጠረገቻት። ወለላን ደረጃው ላይ አስቀመጠቻትና ከጎኗ ተቀመጠች። ወለላ ሥዕሉን አየች፤ የምታውቀውን ልትዘምር አፏን ከፈተች፤ ከዚህኛው ጋር አልገጠመላትም።

ታንጉት አፈር ያለበት ጣቷን ከመጀመሪያው ፊደል ሥር አደረገችና ጠበቀች።