በየኔታ ዔሊ ቅል የቀረችው ውሃ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ ደክሞኛልና አታቋርጡኝ።

በድሮ ዘመን የኔታ ዔሊ የሚባሉ የደከማቸው አስተማሪ ነበሩ። አንዲት ብልጣብልጥ ጦጣም ነበረች። ያገሩ ምንጭ አንድ ብቻ ነው፤ ከፏፏቴ ሥር። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ፏፏቴው ላይ የማርያም መቀነት ይታያል።

ጦጢት ድንጋይ ላይ ወጥታ፣ «ዋ! መቀነቱ የወረደበትን ውሃ የነካ ይታመማል!» ትላለች።

«መቀነቱ ሲጠፋስ?» ይላሉ እንስሳቱ።

«ውሃው ውስጥ ተኝቷል!»

ሁሉም ይሸሻል። እሷ ብቻዋን ትጠጣለች፣ ትታጠባለች፣ ትንቦጫረቃለች።

የየኔታ ተማሪዎች፣ የጥንቸል ልጅ፣ የጃርት ልጅና የሚዳቋ ልጅ፣ በጥም ከንፈራቸው ተሰነጠቀ። የኔታ «መቀነቱ ብርሃንና ውሃ ነው» ቢሉ፣ «አርጅተዋል» ተባሉ። ወይ መድከም! ዕድሜ ልክ አስተምሮ የሚያምን መጥፋቱ! በቅላቸው የቀረችውን ጥቂት ውሃ ሊጠጧት አሰኛቸው። ልጆቹን አዩና ተዉት።

«ኑ፣ አንዳንድ ጉንጭ ያዙ። እንዳትውጡ! ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ እፍ በሉ።»

የጥንቸል ልጅ ያዘ፤ ዋጠው። «ጠማኝ፣ የኔታ።»

«ይሁን፣ ልጄ።»

የጃርት ልጅ ያዘ፤ ወደ ፀሐይ ዞሮ እፍ አለ። ምንም የለም። ውሃው አፈር ገባ።

የሚዳቋ ልጅ የመጨረሻዋን ጉንጭ ያዘች። ቅሉ ባዶ ሆነ፤ የኔታም ፈሩ። ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ፣ እፍፍፍ! ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ብልጭ አለ።

«እሰይ! መቀነቱ ከአፌ ወጣ!»

«አመመሽ?»

«ኧረ ምንም!»

«ብርሃን ነጭ ይመስላል እንጂ ቀለሙን ሁሉ በሆዱ ይዟል። የውሃ ጠብታ ሲያገኘው ይዘረጋል» አሉ የኔታ። ልጆቹ ወደ ምንጩ ሮጡ።

«ዋ! ትታመማላችሁ!» አለች ጦጢት።

ጉንጫቸውን ሞሉ፣ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጡ፣ ወደ እሷ እፍፍፍ! መቀነቱ ፊቷ ላይ ተዘረጋ፤ «ወረደብሽ!» አሏት። ውሸቷን ደጋግማ ደጋግማ ስታወራ እሷም አምናው ኖሯል፤ እስከዚያ ቀን መቀነቱ እሷ ላይ ወርዶ አያውቅም ነበርና። «ወረደብኝ! ሞትኩ!» እያለች ጫካ ገባች፤ ዳግመኛም ምንጩን አልቀመሰችም።

የኔታ እየተጎተቱ ሲደርሱ ልጆቹ ቅሉን ሞልተው ጠበቋቸው። ጠጡ። እዚያው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

እናንተም ልጆች፣ አንድ ሰው በወሬ ከውሃ ሲያርቃችሁ መጀመሪያ በአንድ ጉንጭ ሞክሩት። በሉ፣ የኔም አፍ ደረቀ፤ ያንን ቅል አቀብሉኝ።