ሽመላና የታንኳዎቹ በዓል

ተረቴ ከሐይቅ ዳር መጣ፤ ጆሮ ያለው ይቀበለኝ።

ሽመላ የሐይቁ ዘብ ነበረች። በየዓመቱ በታንኳዎች የእሽቅድምድም በዓል ጉማሬ ግልገሏን ስታሻግር፣ ሽመላ ክንፏን ትዘረጋለች፤ እናትና ልጅ እስኪያልፉ ታንኳዎቹ ይቆማሉ።

ዘንድሮ ግን መሪው ታንኳ፣ «እመት ሽመላ፣ በዓል እኮ ነው! ለዛሬ ብቻ አሳልፊን» አላት።

«እኔስ የተሾምኩት እንደ ዛሬ ላለው ቀን ብቻ አይደል?» አለችው።

ጉማሬ ከነግልገሏ ውሃው ውስጥ ገባች። ሽመላ ክንፏን ዘርግታ ጮኸች፤ እየዘለለች አራገበች። እንደ ወትሮው ረግታ ስላልቆመች፣ ታንኳዎቹ በበዓሉ ደስ ብሏት የምትጨፍር መስሏቸው እልል እያሉ በግልገሉ ላይ ሄዱበት። ግልገሉ አልወጣም።

በዓመቱ ሽመላ እንደገና ክንፏን ዘረጋች። ታንኳዎቹ ሁሉ ጸጥ ብለው ቆሙ። ጉማሬ ብቻዋን ዳር ተኝታ ውሃውን ታያለች። ሽመላ እስኪመሽ ክንፏን አላጠፈችም፤ የተሻገረም የለም።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦውን ግን ዛሬ አልፈልግም።