ዲስኩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት

ክርርር… ጠቅ! ክርርር… ጠቅ!

መጀመሪያ የተሰማው ይህ ነው። በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት፣ ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ ካለችው ጠባብ ክፍል፣ አንድ ነገር አንድን ነገር ይፍቃል። ይፍቅና ይቆማል፤ ደግሞ ይጀምራል።

«አሁንስ ይኼ ማሽን ጥርሱን ማፋጨት አበዛ!» አለች ምንትዋብ፣ መጽሐፍ የምታውሰው ሠራተኛ፣ አንገቷን በመስኮቷ አስግጋ። «ወስፋት ሳይኖርበት አይቀርም። ኮሶ አጠጣው እንጂ!»

«አርጅቶ ነው» አለ ውስጥ ያለው ሰው። «አዲስ እንዲገዛልን አመልክቻለሁ።»

ወገኖቼ፣ ማሽኑ አላረጀም ነበር። ይህን ልብ በሉልኝና ወደ ሰውየው ልውሰዳችሁ።

የዚህ ሰው ሥራ ዲቪዲ መመዝገብ ነው። ኮሌጁ የሚገዛው፣ መምህራን የሚሰጡት፣ ከየቦታው የሚለገሰው የትምህርት ፊልም ሁሉ በእርሱ እጅ ያልፋል። ሥራውን የሚወድ ሰው ነበር። ሽፋን አይቶ ብቻ አይመዘግብም፤ ሽፋን ይዋሻላ! «የንብ እርባታ» ተብሎ ተጽፎበት ከውስጡ የሰው ሠርግ የወጣበት ጊዜ አለ። ስለዚህ እያንዳንዱን ዲስክ ማሽን ውስጥ ይከታል፤ ርእሱን ከራሱ ከፊልሙ ላይ ያነባል፤ ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ፣ ስለ ምን እንደሚናገር፣ ምን ያህል እንደሚረዝም ይመዘግባል፤ ቁጥር ይሰጠዋል። ተማሪ መጥቶ «ስለ መስኖ ምን አለ?» ካለው ዓይኑን ሳያሽ ያወጣለታል።

ይህ ጥፋት ነው? አይደለም። ይህስ የሚመሰገን ነው።

ነገሩ የተበላሸው አምና ጥቂት ዲስኮች የጠፉ ጊዜ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አቶ ዘርጋው ጠሩትና፣ «ስማ! ንብረቱ የማን እንደ ሆነ ካልታወቀ ሌባ ምን ያድርግ? ካሁን በኋላ አንድ ቢጠፋ በራስህ ነው የምታየው!» አሉት።

ሰውየው ደነገጠ። ደንግጦም አልቀረ፣ መላ ዘየደ። ወፍራም ተለጣፊ ወረቀት አሳተመ። ወረቀቱ ላይ የኮሌጁ ስም አለ፤ ዓርማው አለ፤ ቁጥሩ አለ፤ «ከዚህ ቤት ማውጣት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል አለ። ከታች ደግሞ «መዝጋቢ» ብሎ የራሱን ስም ጨመረበት። ጨምር ያለው ማን ነው? ማንም። ይህን ወረቀት በየዲስኩ ፊት ላይ፣ በአንድ ወገን፣ በአውራ ጣቱ እየተጫነ ለጠፈው። አቶ ዘርጋው አንዱን አንሥተው ወደ ብርሃን አዙረው አዩና፣ «እንግዲህ ንብረት ማለት ይኼ ነው!» አሉ። ሰውየው ያን ቀን ምሳ አላስፈለገውም።

አንድ ነገር ግን አለ። አጫውቶ የሚያየው ከመለጠፉ በፊት ነው። ከለጠፈ በኋላ መልሶ አያጫውትም፤ ምን ይሠራለታል? ስሙን አውቋል፣ ቁጥር ሰጥቷል፣ መደርደሪያ ላይ አቁሟል። አበቃ። ተማሪዎች እዚያው ማሽኑ ላይ ሞክረው «አልሠራ አለ» ብለው ሲመልሱለት፣ «በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ይሠራል። ማሽኑ ነው» ይላቸዋል። እውነቱን ነው፤ አይቷል። «መቼ አየህ?» ብሎ የጠየቀው ግን የለም።

እንዲህ እያለ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወይዘሮ እንግዳወርቅ መጡ። ባለቤታቸው መምህር አለባቸው በዚያው ኮሌጅ ስለ አፈር ጥበቃ ሲያስተምሩ ኖረው ያረፉ ሰው ናቸው። የመጨረሻ ትምህርታቸው የተቀረጸበትን ዲስክ ወይዘሮዋ «እኔ ቤት ከሚቀመጥ ተማሪ ይስማው» ብለው ለቤተ መጻሕፍቱ ሰጥተውት ነበር።

«ልጄ፣ ልሰማው ነው የመጣሁት» አሉ፣ ወንበር ሳብ አድርገው እየተቀመጡ። «መልኩን ፎቶው ያሳየኛል። ድምፁ ግን እየራቀኝ ነው። ሰሞኑን ላስታውሰው ብዬ ብሞክር የወንድሙ ድምፅ ነው የመጣብኝ።»

«ኧረ ምን ችግር አለው፣ እትዬ!» አለና ከመደርደሪያው አውጥቶ ከተተው።

ክርርር… ጠቅ!

ደግሞ ከተተው። ክርርር… ጠቅ!

«ማሽኑ አርጅቶብን ነው፣ እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«የእኔ ከዚህ የባሰ አሮጌ ነበር» አሉ። «እዚያ ይናገር ነበር።»

«ሌላ ቅጂ አስቀርተዋል?»

«ምን ቅጂ! እናንተ ቤት ከገባ ምን ይሆናል ብዬ?» ዲስኩን ከእጁ ተቀብለው ገልበጥ አድርገው አዩት። «ይኼ ወረቀትስ?»

«እኔ ነኝ የለጠፍኩት» አለ፣ ቀና ብሎ። «እንዳይጠፋ ነው።»

«እኔ ዘንድ ሳለ ወረቀት አልነበረውም» አሉ ረጋ ብለው። «አልጠፋም ነበር።»

ቁጣ የለበትም። የሰውየውን ፊት ግን ለወጠው። ዲስኩን መልሶ ተቀበለና መሐል ቀዳዳውን እርሳስ ላይ አንጠልጥሎ አዞረው። ዞሮ ዞሮ ወረቀቱ ያለበት ወገን ወደ ታች ወርዶ ቆመ። ደግሞ አዞረው፤ ያው። ሌላ ዲስክ አውጥቶ አንጠለጠለ፤ ያው ነው። ያ ወፍራም ወረቀት በአንድ ወገን ከብዷል፤ ማሽኑ ሲያፈጥነው ዲስኩ ሚዛኑን እየሳተ ይወላገዳል፣ ይላተማል። እንዳይጠፋ ተብሎ የተለጠፈው ነው አፉን የያዘው።

«ታዲያ ላጠዋ!» አለች ምንትዋብ። «ምን ትጠብቃለህ?»

«ስልጠው ቢሰነጠቅስ? ሌላ የለም እኮ!» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ደግሞ ይህን ከላጥኩ ሁሉንም መላጤ ነው። አቶ ዘርጋውን ምን እላቸዋለሁ?» አላት።

ዲስኩን በእጁ እንደ ያዘ እዚያው ቆመ።

እኛም እዚህ ላይ ከእርሱ ጋር እንቁም።

አንድ አጥቢያ አውቃለሁ። አንድ ቤተሰብ ለአዳራሹ የግድግዳ ሰዓት ሰጠ። መልካም! መስተዋቱ ላይ ግን በወርቅማ ቀለም ስማቸውን አጻፉ፤ አባት ተጻፈ፣ እናት ተጻፈች፣ ልጆች በየተራ ተጻፉ። ሰዓቱ ስንት እንደ ሆነ ዛሬም የሚያውቅ የለም፤ ጠቋሚው ያለው ከስማቸው ጀርባ ነው!

ትስቃላችሁ። ሳቁ፤ ስትጨርሱ ወደየቤታችሁ ግቡ።

አንተ ወንድሜ፣ እኅትህን አስተምረሃል። እሰየው! ታዲያ በየዓመት በዓሉ እንግዳ ፊት «በእኔ ነው ለዚህ የበቃችው» የምትለው ለምንድን ነው? ምግቡ ሲቀርብ እርሷ ወጥ ቤት የምትቀረው ለምን ይመስልሃል? አንቺ እናቴ፣ ልጅሽን እግዚአብሔር ነው የሰጠሽ። «የእኔ ልጅ እንዲህ አይማርም፣ የእኔ ልጅ ያችን አያገባም» ስትዪ ስትዪ ልጁ ዝም አለ። «ጠባዩ ተለወጠ» አልሽ። ጠባዩ ነው? ጎረቤታችሁ ሲቸግረው እጃችሁን ዘረጋችሁለት፤ ዛሬ ሲያያችሁ መንገድ ይቀይራል። «ውለታ ቢስ» አላችሁት። ውለታ ቢስ ነው?

ማሽኑ ነው ትላላችሁ። ዘመኑ ነው፣ ትውልዱ ነው፣ ሰው ከፍቷል ትላላችሁ። እኔ ግን እጠይቃችኋለሁ፤ በስጦታው ላይ ምን ለጥፋችሁበታል? መቼ ነው ሲናገር ለመጨረሻ ጊዜ የሰማችሁት? ከመለጠፋችሁ በፊት ነው፣ በኋላ?

እግዚአብሔር ሲሰጥ ስሙን በላዩ አይለጥፍም። ዝናቡ በማን ማሳ ላይ እንደ ወረደ እናውቃለን፤ አንዲት ጠብታ ላይ ግን ማኅተም አላየንም።

መላጥ ከባድ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ያ ሰውም ከብዶት ነው የቆመው። ወረቀቱን የለጠፈው በክፋት አይደለም፤ ፈርቶ ነው፣ ደግሞ ትንሽ ለመመስገን ነው። እኛስ ከዚህ ሌላ ምን አለን?

በመጨረሻ ወደ ሴትዮዋ ዞረ።

«እትዬ፣ ልላጠው? ምናልባት ቢበላሽስ?»

«አሁንስ ደኅና ነው እንዴ?» አሉት።

ጥጥ በዘይት ነክሮ ከዳር ጀመረ። ዓርማው ለቀቀ። የኮሌጁ ስም ለቀቀ። ክልከላው ተቀዶ ተነሣ። ሙጭጭ ብሎ ያስቸገረው የራሱ ስም ነበር፤ እርሱንም በጥፍሩ ሳይሆን በጥጡ እያሸ፣ እያሸ አወጣው። ጠረገው፤ አደረቀው፤ ከተተው።

ማሽኑ እንደ ንብ እዝዝ አለ። መፋቅ የለም።

ጥቁር ሰሌዳ ታየ፤ ከሰሌዳው ፊት መምህር አለባቸው ጠመኔ ይዘው ቆመዋል። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ከኋላ ያላችሁ፣ ይሰማል?» አሉ። «ጫማችሁ ላይ ይዛችሁት የመጣችሁትን እንዳትጠርጉት። ዛሬ የምንማረው እርሱን ነው።»

ተማሪዎች ሲስቁ ይሰማል። ሴትዮዋ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ ናቸው። አላለቀሱም፤ ፈገግም አላሉ። ሰውየው የዲስኩን መያዣ ከመደርደሪያው አወረደ፤ ዲስኩን መልሼ ልስጣቸው ብሎ ነው። ዘወር ሲል ወይዘሮ እንግዳወርቅ ተነሥተዋል። ጥላቸውን አንሥተዋል።

«እትዬ! ገና መጀመሩ እኮ ነው!» አለች ምንትዋብ ከመስኮቷ።

ለምን እንደ ተነሡ አልተናገሩም። ሰውየውም አላወቀም። እኔ ሰባኪ ነኝና ብዙ ምክንያት ልደረድርላችሁ እችል ነበር፤ ነገር ግን ይኸው ደግሞ በእርሳቸው ላይ ወረቀት መለጠፍ ይሆንብኛል። እናንተ የየራሳችሁን ላጡ። እርሳቸውን እንዲሁ ተዉአቸው።

መምህሩ ስለ አፈር እየተናገሩ ነበር፤ ሴትዮዋ በሩን ከፍተው ወጡ።