ግብሩን ያስቀረው ጡረተኛ ጅብ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ጡረታ መውጣት በጀመሩበት ዘመን፣ ከአንድ ሰፊ ወንዝ ማዶ ባለ ጫካ አያ ጅቦ የሚባል ሽማግሌ ጅብ ይኖር ነበር። ጉልበት በነበረው ጊዜ የጫካው ዘበኛ ነበር። ዘበኛ ይባል እንጂ ከጠበቀው የበላው ይበልጣል። ያም ሆኖ ለጡረተኞች የጤና መድን በየወሩ አንድ አጥንት ሲያዋጣ ቆይቶ፣ ዕድሜው ሲደርስ በክብር ተሸኘ። ብዙም ሳይቆይ አራቱንም እግሩን ቁርጥማት ያዘው።

የጫካው ሕግ እንዲህ ነበር። የሚሠራ እንስሳ ሁሉ ካገኘው ላይ ከአሥር አንዱን ለንጉሡ ለአንበሳ ይገብራል። ንቦች ማር፣ ላሞች ቅቤ፣ ቀበሮ ከምትነግደው እንቁላል ይሰጣሉ። ከጀርባዋ በቀር ምንም የሌላት አህያ ደግሞ ከፍል ውሃው ውሃ ታመላልሳለች። ከግብሩ የሚበዛው ወደ ሐኪሙ ወደ ጃርት ሄዶ ለጡረተኞች መታከሚያ ይውላል። ጡረተኞቹ ራሳቸው ያዋጡት በጣም ትንሽ ስለሆነ፣ የጎደለውን የሚሞላው ይኸው ድጎማ ነበር። ይህን ሁሉም ያውቃል። ለአያ ጅቦም ተነግሮት ነበር፤ ሲነገረው ግን ምሳ እየበላ ስለነበረ አልሰማም።

አንድ ጠዋት አያ ጅቦ ሐኪሙ ቤት አራት እግሩን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ወገቡን በቅቤ እየታሸ፣ በማር የተለወሰ ሥር ይልስ ነበር። አህያ ሁለት እንስራ ውሃ ተጭና ገባች።

«አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አላት።

«ግብሬን ላደርስ ነው፣ አያ ጅቦ።»

«ግብር!» አለ ጅቦ ማሩን እየዋጠ። «ጉልበትሽን በከንቱ ይበሉታል። እኔን እዪኝ። በአጥንቴ፣ በራሴ አጥንት፣ ይኸው እታከማለሁ። የማንንም እጅ አላይም።»

«አያ ጅቦ፣ እግርዎን የነከሩበት ውሃ እኮ...»

«ቀዝቅዟል! ጨምሪበት!»

አህያ ጨመረችበትና ወጣች። ሐኪሙም ማሸቱን ቀጠለ፤ አያ ጅቦ ሲታሽ ነገር ማስረዳት ትርፉ ድካም መሆኑን ያውቃል።

ቀበሮ ይህን ሁሉ ከበር ውጭ ሆና ሰምታለች። ጅቦ ታክሞ ሲወጣ ጠብቃ እጅ ነሳችው።

«አያ ጅቦ፣ እንዴት አደሩ? እርስዎን ሳይ እኮ ልቤ ይቆስላል።»

«ምን ሆንኩ?»

«ስንት ዘመን አጥንት ያዋጡ ሰው፣ ዛሬ ተደጓሚ ተባሉ!»

«ማነው እንዲህ ያለኝ?»

«ንጉሡ ናቸዋ! ግብር በሰበሰቡ ቁጥር ‹ለጡረተኞች ነው› ይላሉ። ጡረተኛ ማለት እርስዎ አይደሉም?»

የጅቦ ጠጉር ቆመ። «በእኔ ስም ነው ለካ ሕዝቡን የሚዘርፉት!»

«እርስዎ ካልተናገሩ ማን ይናገራል? እኔ ብናገር ለእንቁላሏ ሳስታ ነው ይሉኛል።»

«ትሳሻለሽ እንዴ?»

«ኧረ በስማም! ከመቶ አሥር ብሰጥ ምኔ ይጎዳል?» አለች ቀበሮ። ይህን ስትል ግን የያዘችውን የእንቁላል ቅርጫት ወደ ጀርባዋ ሸሸገች።

በዚያው ቀን በጅቦ ጥያቄ ጉባኤ ተጠራ። የአያ ጅቦ እግር ጠዋት በደንብ ታሽቶ ስለነበረ ከሁሉም ቀድሞ እየሮጠ ደረሰ።

«ንጉሥ ሆይ!» ብሎ ጮኸ። «ግብር ይቅር! እኛ ጡረተኞች ራሳችንን ችለናል! የእኔን ሕክምና ብቻ እንዳትነኩ!»

አንበሳ ግራ ገባው። «ሕክምናህ ከግብሩ አይደለም እንዴ?»

ሐኪሙ ሊያስረዳ ብድግ አለ። ነገር ግን ቀበሮ አስቀድማ እንቁላል ያበላቻቸው ዝንጀሮዎች «ይቅር! ይቅር!» እያሉ ስላጨበጨቡ የተናገረውን ማንም አልሰማም። አህያ ወደ ፊት ወጣች።

«ጌታዬ፣ እናቴ ጡረተኛ ናት። ሆዷን ያማታል። ግብሩ ከቀረ ማን ያክምልኛል?»

«እናትሽ ራሷን ትቻል!» አላት ጅቦ። «እንደ እኔ!»

አንበሳ ጭብጨባ ይወዳል። ጭብጨባው ወደበዛበት አየና ግብሩ ቀርቷል ብሎ ጉባኤውን በተነ። ዝንጀሮዎቹም ጅቦን በትከሻ ተሸክመው እየጨፈሩ ወሰዱት። እንደዚያ ቀን ኮርቶ አያውቅም።

በሳምንቱ ዝናብ ጣለ፤ ብርዱም ገባ። የጅቦ አራት እግሮች እንደ ግንድ ደረቁ። እየተንፏቀቀ ሐኪሙ ቤት ሲደርስ ጃርትን ብቻውን ባዶ ገበቴ ፊት ተቀምጦ አገኘው።

«ቅቤው የት አለ?»

«ላሞቹ ለጥጆቻቸው አስቀሩት።»

«ማሩስ?»

«ቀፎው ውስጥ።»

«ሞቅ ያለው ውሃስ?»

«ፍል ውሃው ጋ አለ። ሄዶ መቅዳት ነው።»

ጅቦ ባዶውን ገበቴ ገለበጠው። «ታዲያ የእኔ አጥንት የት ደረሰ?»

«አጥንትህን ለአሞራ እየሰጠሁ ከተራራው ላይ ሥር አስመጣበት ነበር» አለው ጃርት። «ዕድሜ ልክህን ያዋጣኸው ለአንድ እግር ይበቃል። የትኛው ይታከምልህ?»

ጅቦ እግሮቹን ተራ በተራ አያቸው። የኋላዎቹ አሳዘኑት። መጨረሻ ላይ ግን «የፊት ቀኙ ይሁን፤ ሥጋ የምይዘው በእሱ ነው» አለ።

ቀኝ እግሩ ታክሞ ዳነ። ችግሩ የመጣው ወደ ቤት ሲሄድ ነው። አንዱ እግር ሲራመድ ሦስቱ ስለሚጎተቱ፣ ቀጥ ብሎ ልሂድ ሲል ዞሮ እዚያው ይመለሳል። በመንገዱ ዳር የአህያ እናት ሆዷን ይዛ ተኝታ ነበር። ጅቦ እንዳላየ ሆኖ አለፋት። ዞሮ መጣ። እንደገና አለፋት። እንደገና ዞሮ መጣ። በሦስተኛው አሮጊቷ ቀና አለችና በቅንነት ጠየቀችው።

«አያ ጅቦ፣ ራስን መቻል እንዴት ነው?»

ጅቦ መሬት መሬት እያየ መለሰ፦ «ያዞራል።»

በማግስቱ እንደምንም ቀበሮ ቤት ደረሰ። ጓዳዋ እስከ ጣሪያው በእንቁላል ተሞልቶ ነበር።

«እመት ቀበሮ፣ እባክሽ ትንሽ ነገር እርጂኝና ልታከም።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ አያ ጅቦ!» አለችው ደረቷን ይዛ። «እርስዎን የመሰለ ራሱን የቻለ ሽማግሌ ብረዳ ክብርዎን መድፈር ይሆንብኛል።» በሩንም ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

አያ ጅቦ እዚያው በር ላይ ተኝቶ አሰበ። ማሰብ ስላልለመደ እስከ ቀትር ወሰደበት። ከዚያ ጉባኤ ይጠራልኝ አለ። እንስሳት ሁሉ ይቅርታ ሊጠይቅ ነው ብለው መጡ።

«ግብር የሚባል ነገር አሁንም አልወድም» ብሎ ጀመረ። «ነገር ግን አንድ አዲስ ሐሳብ መጥቶልኛል። የሚሠራ ሁሉ ካገኘው ላይ ከአሥር አንዱን ለሐኪሙ ቢሰጥ፣ ሐኪሙም ሽማግሌዎችን ቢያክምበት ምን ይመስላችኋል?»

«ይህ እኮ ግብር ነው!» ብላ ጮኸች ቀበሮ።

«አይደለም!» አላት ጅቦ በቁጣ። «ግብር ንጉሡ ያመጡት ነበር። ይህን ያመጣሁት እኔ ነኝ!»

ላሞቹ ተያዩ። ንቦቹ ሊስቁ ሲሉ አህያ ፈጥና ተነሣች። እናቷ ሌሊቱን ሙሉ ስታቃስት አድራለች። «አያ ጅቦ ያሰቡት ትልቅ ሐሳብ ነው» አለች። «እኔ ከዛሬ ጀምሬ ውሃ አመጣለሁ።» ሌላውም ሳቁን ዋጥ አድርጎ ተስማማ። ቀበሮ «ይቅር» እንዲሉላት ወደ ዝንጀሮዎቹ ዞራ ጠቀሰቻቸው፤ እነሱም ማጨብጨብ ስለለመዱ ለጅቦ አጨበጨቡ። አንበሳም ጭብጨባውን ሰምቶ «የአያ ጅቦ መዋጮ» ተብሎ እንዲታወጅ አዘዘ።

በዚያው ቀን የአህያ እናት መድኃኒቷን ጠጥታ ሆዷ ተሻላት። ሐኪሙ ጃርት ባዶውን እንስራ ለአህያ እያቀበላት «ውሃውን የምትሸከሚው አንቺ፣ ስሙ የእሱ። አትናደጂም?» አላት።

«ስሙን ይውሰደው» አለች አህያ። «እናቴ ዛሬ ተኝታ ታድራለች።» እንስራዋን ተጭናም ወደ ፍል ውሃው ወረደች።

ከዚህ የምንማረው፣ በሌሎች ግብር እየታከመ ራሴን ችያለሁ የሚል፣ ግብሩ የቀረ ዕለት እውነቱን በእግሩ ቢያውቀውም በአፉ እንደማያምን ነው።