ዳማ አጋሰስ የተባለ ዕለት

ጠጋ በሉ፤ ጉልበቴ ዝሏልና ጮኼ አላወራም። በዱሮ ዘመን፣ ስሙ በጠፋ አገር፣ ይርዳው የሚባል የጨው ነጋዴ ነበረ። ዳማ የሚባል የኮርቻ ፈረስና አንዲት ጨው ጫኝ በቅሎ ነበሩት። ዳማ ከጌታው በቀር ሌላ ነገር ተሸክሞ አያውቅም፤ ኩራቱም ያው ኮርቻው ነበር።

በቅሎዋ ብልጥ ነበረች፤ ብልጠቷ ግን ለሥራ አልነበረም። አንድ ጧት ይርዳውና አሽከሮቹ ሊጭኗት ሲሉ እያነከሰች መጣች። እግሬን ወለም አለኝ አለች። ይርዳው ጨዉ ሜዳ ላይ ሊቀርብኝ ነው ብሎ ሲተክዝ፣ ዳማ አዘነና «ግዴለም ጌታዬ፣ ለዛሬ ብቻ እኔ ልያዝላት» አለ። ይርዳውም ኮርቻውን አውርዶ ጨዉን ጫነበት፤ ራሱ በእግሩ ሄደ።

በማግስቱም አነከሰች። «ግዴለም፣ ለዛሬ ብቻ» አለ ዳማ፤ ጀርባው ግን መላጥ ጀምሯል። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። በቅሎዋ ባዶዋን ከኋላ እየተከተለች ሣር ትግጣለች፤ ወንድሜ ዳማ፣ አምላክ ይስጥህ እያለች ትመርቀዋለች። ምርቃት ሸክም አያቀልም ልጆቼ፤ እኔም አይቼዋለሁ።

በዚያ አገር ወግ፣ ሦስት ቀን ያነከሰ ከብት በጋለ ማጭድ ይተኮሳል። ማታ መንገድ ላይ ካረፉ በኋላ ይርዳው እሳት አንድዶ ማጭዱን ከተተ። ማጭዱ ሲቀላ ያየችው በቅሎ ማንከሷን ረስታ ዳገቱን ሽቅብ ጋለበችው። ሦስት ሰው ነው አሳዶ የያዛት። ውሸቷ ወጣ፤ አርጩሜም ቀመሰች።

ዳማ ደስ አለው። ሲነጋ ኮርቻዬ ይመለስልኛል ብሎ ተስተካክሎ ቆመ። ይርዳው ግን ኮርቻውን በቅሎዋ ላይ ጫነው።

«ጌታዬ፣ ያታለለችዎት እሷ ነች» አለ ዳማ።

«አውቃለሁ» አለ ይርዳው፣ የዳማን መጫኛ እያጠበቀ። «ዳገቱን ስትወጣ አይቻታለሁ፤ ለመቀመጫ ትሆናለች። አንተ ደግሞ ጭነቱን ለምደኸዋል።»

ከዚያ ወዲያ ዳማ ብሎ የጠራው የለም። ጭነት የለመደ ፈረስ አጋሰስ ተባለ፤ ጌቶችም በበቅሎ ይሄዱ ጀመር። ፍርዱስ የት አለ አትበሉኝ፤ እኔም ዕድሜዬን ስጠብቀው ነው የኖርኩት። ብቻ ይህን ያዙ፦ እሺ ባይ ጀርባ ጭነት አያጣም።