የዘማቹ ፉከራ

አንድ ጡረተኛ ወታደር ኮሪያ ዘምቶ የተመለሰ ሰው ሆኖ ሳለ፣ መዝገቡ ላይ «ከአገር አልወጣም» ተብሎ ተጻፈበትና የሰፈሩ ሰው ቀጣፊ አለው። ሚስቱ እንኳ «ታዲያ ያን ጊዜ የት ነበር የጠፋኸው?» ማለት ጀመረች። ለምስክርነት የሚያሳየው የጥይት ቁስል የለውም፤ ያለው ጣቱ ላይ የቢላዋ ጠባሳ ብቻ ነው። ቢቸግረው መዝገቡን ለማሳረም የዘማቾች ጉዳይ ኃላፊ የሆኑት ሻለቃ ዘንድ ሄደ።

ሻለቃው ኮሪያ መዝመታቸውን ሳያወሩ ውለው አያውቁም። ባለጉዳይ በሞላበት፣ «ዘማች ከሆንክ በል ፎክር» አሉት።

ወታደሩ ብድግ ብሎ ከዘራውን ሰበቀ።

«ዘራፍ የድንች ጠላት፣ የሽንኩርት ገዳይ፣
ወንዱ ሲተኩስ እንባ አፍሳሽ ምድጃ ላይ።»

ሰዉ በሳቅ አውካካ። ሻለቃው ግን ተቆጡ።

«እኔ ከጦሩ ጋር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነበርኩ። የዘመተውን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። አንተን ግን አንድም ቀን አይቼህ አላውቅም።»

«እውነትዎን ነው ጌታዬ» አለ ወታደሩ እጅ ነስቶ። «እኔ ወጥ ሠሪ ነበርኩ፤ ጠላት እንኳ አላየኝም። ግን ጦሩ በሙሉ የሚበላው ከኔ ድስት ነበር። እርስዎ እኔን ሳያዩ ያን ሁሉ ጊዜ ምን ሲበሉ ከረሙ?»

ሻለቃው መዝገቡን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ብዕራቸውን አነሱና፣ ቀና ሳይሉ፣ «ወጡ ጨው ይበዛበት ነበር» አሉ።

«አሁን ገና በትክክል አስታወሱኝ» አለ ወታደሩ።