የደንበኛዋ በርጩማ

አንድ ሰው ነበረ። ጨርቅ ሻጭ ነበረ፤ ሱቁ ግን የእርሱ ሳይሆን የአንድ ባለጸጋ ነበር። ስመኝ ልጄ፣ «ሱቅ ልቀጠር ነው፤ ቆሞ መሳቅ ምን ያደክማል?» ብለሽ ጠይቀሽኛልና የዚህን ሰው ነገር ስሚ።

ባለጸጋው ሲቀጥረው፣ ፊቱ ከፈገግታ እንዳይለይ፣ ወገቡም ከመቀመጫ እንዳይገናኝ አዘዘው። በሱቁ ውስጥ አንዲት በርጩማ ነበረች፤ እርሷም የደንበኛ ናት ተባለ። ሰውየውም ቆመ። ከመቆም ብዛት ቁመቱ እየረዘመ፣ በየዓመቱ የሱቁን ጣሪያ ከፍ ያደርጉለት ነበር ይባላል። እግሩም ሥር ሰድዶ፣ ክረምት ሲገባ በጣቶቹ መካከል ሣር ይበቅል ነበር።

ከገዢዎቹ ሁሉ የምትብሰው አንዲት ባልቴት ነበረች። በማለዳ መጥታ በርጩማዋ ላይ ትደላደልና «እስቲ ያንን አውርደው» ትለዋለች። ያወርዳል። «ዘርጋው እንጂ፣ ምን ትሰስታለህ?» ትለዋለች። ይዘረጋል። ጨርቁ በሩን አልፎ፣ ገበያውን አቋርጦ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ማዶ ኮረብታው ላይ እስካለው እስከ እናቱ ደጃፍ ድረስ እንደ ጉም ይተኛል። አህዮች ይሄዱበታል፤ ወፎች ያርፉበታል፤ እናቱም ልጇ ሥራ መግባቱን በዚያ ታውቃለች። ባልቴቲቱ ግን ጫፉን በሁለት ጣቷ እሽት አድርጋ፣ «ሌላ ቀለም የለህም?» ትላለች። ሰውየው ፈገግ ብሎ ይጠቀልላል። ሲተኛም በሕልሙ የሰማዩን ደመና ሁሉ አንድ ባንድ እያወረደ፣ ፊቱ ለማይታይ ገዢ ሲዘረጋ ያድራል።

እንዲህ እያለ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንደ ምርጊት ደረቀ። ቤት ሲገባ እናቱን በገዛ ቤቷ «እንኳን ደህና መጡ፣ ምን ልታዘዝ?» ይላታል። ነገር አዋቂ ሴት ነበረችና፣ «ልጄ፣ የሱቁን ፊት ደጅ አውልቀህ ግባ» ትለዋለች። ጉንጩን በሁለት እጁ ይዞ ይጎትታል፤ አይወልቅም። አንድ ቀን ትክ ብላ አየችውና፣ «እኔ ስሞትም እንዲሁ እየሳቅህ ልትቀብረኝ ነው?» አለችው። ቀልድ ነበር። እርሱም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ግድግዳውን እያየም ይስቅ ነበር።

እናቲቱ ሞተች። ድንኳን ተተከለ፤ ጎረቤቱ አለቀሰ፤ የልጇ ፊት ግን እንደ ሠርግ ቤት በርቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ እያደረጉ፣ ተገላግሎ ነው፣ ቤቱን ወርሶ ነው ተባባሉ። የእርሱ እንባ በሆዱ ውስጥ እንደ ታቆረ ውሃ ሞልቶ መውጫ አጥቶ ነበር። ሳያለቅስላት አፈር ልትገባበት መሆኑን አስቦ ተሸበረ። ሽማግሌዎቹም ይህን ሳያውቁ፣ ጨርቅ አዋቂ ልጅ እያላት ሌላ አይላክም ብለው፣ የመገነዣዋን አቡጀዲ እንዲያመጣ ሰደዱት።

ወደዚያው ሱቅ ሄደ። ባለጸጋው እርሱ በቀረበት ማለዳ ሌላ ሰው አቁሞ ኖሯል። በአዲሱ ሻጭ ፊት ላይ ያው ፈገግታ አለ፤ ከእርሱ ጉንጭ ተቆርጦ የተተከለ ይመስላል።

«ምን ልታዘዝ ጌታዬ?»

«አቡጀዲ።»

«ለማን ይሆን?»

«ለእናቴ።»

«ያምርባቸዋል» አለ አዲሱ ሻጭ።

ሊቆጣ ፈለገ። አፉ ግን «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ሁለቱ ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው፣ እየተሳሳቁ መገነዣ ለኩ።

ባልቴቲቱ በርጩማዋ ላይ ሆና ታይ ነበር። የሚለካውን አቡጀዲ አየች። የሰውየውን ፊት አየች፤ ይስቃል። እጁን አየች፤ የአቡጀዲውን ጫፍ ጨብጦ አይለቅም። ከዚያ በፊት ከዚያች በርጩማ ላይ ለማንም ስትነሣ ታይታ የማታውቀው ሴት ብድግ አለች።

«ና ልጄ፣ ተቀመጥ» አለችው። «ዛሬ ገዢው አንተ ነህ።»

ተቀመጠ። ጉልበቱ ሲታጠፍ እንደ ዛገ በር ስለጮኸ ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ አየ። ወገቡ በርጩማዋን እንደነካ ፈገግታው ከፊቱ ተላቅቆ ወደቀና ተንከባሎ ባንኮኒው ሥር ገባ። እንባው መጣ። ጎርፍ ሆኖ ከሱቁ ወጥቶ፣ ገበያውን አቋርጦ፣ ጨርቁ ይሄድበት በነበረው መንገድ ወንዙን ተሻግሮ፣ ለቅሶው ቤት ደጃፍ ደረሰ። ድንኳን ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች እግራቸው ሲርስ ተያዩና፣ «ልጇ አለቀሰላት» አሉ። የወደቀውን ፈገግታ ደግሞ ባለጸጋው አንሥቶ፣ አቧራውን እፍ ብሎ፣ ለሚቀጥለው ተቀጣሪ መደርደሪያ ላይ አኑሮታል ይባላል።

እንግዲህ ስመኝ፣ የጠየቅሽኝ ነገር ይህን ይመስላል። በሱቅ የሚሸጠው ጨርቅ ብቻ አይምሰልሽ። ጨርቅስ በክንድ ይለካል፤ ሲያልቅም ይታያል። ፊት ግን መለኪያ የለውም፤ ማለቁን የምታውቂው ለራስሽ የፈለግሽው ቀን ነው። እንጀራ ነውና አትግቢ አልልሽም፤ ግቢ። ማታ ስትመለሺ ግን እናትሽ በር ላይ ትይሽ፤ የሱቁን ፊት ለብሰሽ ከመጣሽ ትመልስሽ። ገዢ ሆነሽ የሄድሽ ቀን ደግሞ፣ የቆመውን ሰው ለማየት የባልቴቲቱን ያህል አትዘግዪ።

አሁን ነይ፣ እዚህ አጠገቤ ቁጭ በይ። ከመጣሽ ጀምሮ ቆመሽ ነው የሰማሽኝ፤ ደግሞ ዝም ብለሽ ፈገግ ብለሻል።